በጓንግ ዳር፤ በሁለት ወቅት

የወታደር ቤተሰብ ከማንም ይበልጥ ይጓዛል። ይሁን እንጂ ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ የዝውውር ጉዞ ነው። ፍራሽ ተጠቅልሎ፣ ምጣድና ድስት በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ፣ ልጆች ከለመዱት ትምህርት ቤት ተነቅለው፣ ትእዛዝ በደረሰ ማግሥት የሚደረግ ጉዞ ነው። በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ፣ አገር ለማየትና ልጆቹን ከምድራቸው ጋር ለማስተዋወቅ ብቻ የሚወጣ የወታደር ቤተሰብ እምብዛም አይገኝም። እኛ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻችን ጋር ሆነን ይህን ጉድለት ለመሙላት ያሰብነው በ2004 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ጊዜ በጥር፣ አንድ ጊዜም በግንቦት መጨረሻ ከጎንደር ወደ መተማ ቆላ ወረድን።

የመረጥነው ሥፍራ ለሁለታችን እኩል የታወቀ አልነበረም። ከሁለታችን ወታደሩ መተማን በካርታና በዘብ ተራ ያውቃታል። እናትየዋ ግን የምታውቃት በስሟ ብቻ ነበር፤ ያም ስም ባሏ ለወራት የሚርቅበት፣ ሲመለስም ወባ ይዞት የሚመጣበት ሥፍራ ስም ነበር። «እዚያ ምን አለ?» ብላ በጠየቀች ቁጥር የምታገኘው መልስ «ሙቀት» የሚል ብቻ ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ የሚጠብቀውን ምድር ሌላው ሲፈራው መኖር የለበትም ብለን ተነሣን።

መንገዱ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ነገር ግን በዚህ አጭር መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ 700 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ ይወረዳል። አዘዞን አልፈን አይከልን ስንሻገር ልጆቹ ሹራባቸውን አወለቁ። ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ጫማና ካልሲያቸውን ጣሉ፤ ገንዳ ውኃ ስንገባ ደግሞ ከውኃ በቀር የሚጠይቁት ነገር አልነበረም። የባሕር ዛፍ ጥላ ቀርቶ ግራርና የዕጣን ዛፍ፣ ሽመልና ሰው የሚውጥ ደረቅ ሣር ተተካ።

ጓንግ ከጭልጋ አካባቢ ተራሮች የሚነሣ ወንዝ ነው። ወደ ምዕራብ ወርዶ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ይባላል። ከዚያም ሱዳኖች ሰቲት የሚሉትን የእኛን ተከዜ ተቀብሎ፣ ከካርቱም በስተሰሜን ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ዓባይም ከእርሱ በኋላ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ድረስ ሌላ ገባር ወንዝ አያገኝም። ይህ ታላቅ ስም ያለው ወንዝ ግን በጥር ወር ያገኘነው በኩሬ በኩሬ ተቆራርጦ፣ በመካከሉም ሰፊ ነጭ አሸዋ ተነጥፎ ነው። ድንኳናችንን በዚያ አሸዋ ላይ ተከልን።

ሦስቱ ቀናት ለሁላችንም የመጀመሪያ ነገር የተሞከረባቸው ቀናት ነበሩ። ትልቁ ልጃችን በኮምፓስ አቅጣጫ ይዞ ከዳር እስከ ዳር መመላለስን ተማረ። ሁለተኛይቱ ልጃችን በአሸዋው ውስጥ በእጇ ጉድጓድ ቆፍራ የተጠለለ ውኃ ስታገኝ እንደ ትልቅ መሐንዲስ ኮራች፤ ውኃው ጥርት ያለ ቢሆንም ሳይፈላ እንዳይጠጣ ከለከልናት። ትንሹ ደግሞ በኩሬው ውስጥ መንጠቆ ጥሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ይህ ልጅ በቤት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ የማያውቅ ነው። እናትየዋም ማታ ማታ በአሸዋው ላይ ጋደም ብላ ከዋክብቱን እያየች፣ «እዚህ ሙቀት ብቻ አይደለም ያለው» አለች።

በአራተኛው ቀን ወደ መተማ ዮሐንስ ከተማ ዘለቅን። የሰሊጥ ጆንያ እንደ ግንብ ተደርድሮ፣ የጭነት መኪና ወረፋ ይዞ፣ አማርኛና ዓረብኛ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ሲደባለቅ ሰማን። ማዶ ያለችው ጋላባት ናት፤ ከመተማ የሚለያት አንድ ትንሽ የበጋ ደረቅ ወንዝ ብቻ ነው። ከሁለታችን ወታደሩ ለልጆቹ ያስረዳቸው የጦርነቱን ታሪክ ነው፤ ሲያስረዳም ከዚያ በፊት ልብ ያላለውን አንድ ነገር አስተዋለ። በዚህ ምድር ጦር የዘመተው ሁሉ ወቅትን ቆጥሮ ነው የዘመተው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው የወደቁት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በጋው ሳያልቅ፣ ወንዞቹ በእግር በሚሻገሩበት ጊዜ ነበር። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው የብርጋዴር ስሊም ጦር ጋላባትን ከጣልያን እጅ የነጠቀው፣ በአውሮፕላን ድብደባም ተገፍቶ ወደ ኋላ ያፈገፈገው፣ ዝናቡ አቁሞ መሬቱ ሲጠነክር ነው። ወቅቱን ተቃውሞ የገባ ቢኖር ኮሎኔል ሳንድፎርድ ነው፤ እርሱም በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በክረምቱ መካከል ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ ጎጃም አርበኞች ያለፈው፣ ጭቃው ጠላትንም ከመንገድ እንደሚያግድ አውቆ ነበር። እንዲህ ሆኖ እርሱም ወቅትን ቆጥሯል ማለት ነው።

ድንበሩን አልተሻገርንም። ነገር ግን የማዶውን አገር በታሪክ ተሻገርነው። ማታ በፋኖስ ብርሃን ለልጆቹ የተረክንላቸው ከእኛ በፊት በዚህ ወንዝ ዳር አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ስለ ተንከራተቱ ሁለት ሰዎች ነበር።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርና የትዳር ጓደኛው ፍሎረንስ ከካይሮ የተነሡት በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1861) ነው። ፍሎረንስ በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 20 ዓመት ገደማ ነበር። በሃንጋሪ አብዮት ዘመን ወላጆቿን ያጣች፣ እ.ኤ.አ. በ1859 ቤከር በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በቪዲን ከተማ ከባሪያ ገበያ ያወጣት ሴት ናት፤ በለንደን በሥርዓት የተጋቡትም ከዚህ ጉዞ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። የኑቢያን በረሃ በግመል አቋርጠው አትባራ ሲደርሱ ወንዙ አልነበረም። የነበረው እንደ እኛው ያለ አሸዋና በየቦታው የቀረ ኩሬ ነው፤ በኩሬዎቹም ውስጥ ጉማሬና አዞ፣ ዓሣና ኤሊ ተጨናንቀው የክረምቱን መምጣት ይጠብቁ ነበር።

በሰኔ ወር አንድ ሌሊት እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሰማዩ በዚያ ሥፍራ ጥርት ያለ ነበር፤ ከደመናም አንድ ጠብታ አልወረደም። ድምፁን የለዩት የአገሩ ሰዎች ግን ወንዙ መጣ እያሉ ጮኹ። ከቤከር አጃቢዎች ብዙዎቹ በንጹሑ አሸዋ ላይ ተኝተው ነበርና በጩኸቱ ነቅተው ወደ ዳገቱ ሮጡ። ቤከር የገደላቸው የሁለት ጉማሬዎች ራስ ቅል ሳይቀር በጥድፊያ ከአሸዋው ተነሣ። ሲነጋ በዚያ በደረቀው ምድር ላይ አምስት መቶ ያርድ ያህል ስፋትና ከ15 እስከ 20 ጫማ ጥልቀት ያለው ቡናማ ወንዝ ይፈስ ነበር። ዝናቡ የዘነበው እዚያ አልነበረም፤ በእኛ ደጋ ነበር። ቤከርም የግብፅን ሜዳ የሚያጥለቀልቀው ውኃና የሚያለማው ደለል ከኢትዮጵያ ተራሮች እንደሚወርድ በዓይኑ አይቶ ያረጋገጠው በዚህ ጉዞ ነው።

ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ በአሸዋው ላይ ተቀምጠው ነበር። ትንሹ ብድግ ብሎ ወደ ምሥራቅ ተመለከተ፤ ጥር መሆኑን ነግረን አስቀመጥነው።

ክረምቱ ሲገባ ባልና ሚስቱ ጉዞ አቆሙ። በአትባራ ዳር ሶፊ በምትባል መንደር ርካሽ የሣር ጎጆ ገዙ፤ ሰዎችም ጣሪያውን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ፈለጉት ቦታ አመጡላቸው። በዚያም ትኩሳት እየታገላቸው፣ ኪኒን እየዋጡ፣ ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ ጠበቁ። በመስከረም 1854 ዓ.ም. ዝናቡ ሲያባራ የተነፉ አቁማዳዎችን ከመታጠቢያ ገንዳቸው ጋር አስረው ታንኳ ሠርተው ሞልቶ የሚፈሰውን ወንዝ ተሻገሩ። በጋውን በሰቲትና በአንገረብ ዳር፣ በፈረስ ላይ ሆነው ዝሆንን በሰይፍ ከሚያድኑት ከሐምራን ዓረቦች ጋር አሳለፉት። ከዚያም በመተማ በኩል አድርገው፣ ራሃድንና ድንድርን ተከትለው፣ በሰኔ 1854 ዓ.ም. ካርቱም ገቡ። ይህም ዳግመኛ ክረምቱ ሳይይዛቸው ነው።

እነዚህ ሰዎች ጀግኖች ነበሩ ቢባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከሞት ያዳናቸው ጀግንነታቸው ብቻ አልነበረም፤ የአገሩን ሰው መስማታቸውም ነው። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቤተሰቡን ይዞ በወቅት ሲጓዝ ኖሯልና። በአትባራና በጥቁር ዓባይ መካከል ባለው በቡታና ሜዳ የሚኖሩት ግመል አርቢዎቹ ሹክሪያዎች ዓመቱን በስም ከፍለውታል። ዝናቡን ኸሪፍ፣ ቀዝቃዛውን በጋ ሺታ፣ ሐሩሩን ሴፍ ይሉታል። በኸሪፍ ጊዜ በደቡብ ያለው ምድር ጭቃና እንስሳ የሚገድል ዝንብ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሴቶችንና ሕፃናትን በግመል ጭነው፣ መንጋውን ነድተው፣ ሣር ወደ በቀለበት ወደ ሰሜኑ ደረቅ ሜዳ ይወጣሉ። ሜዳው ሲደርቅ ደግሞ ወደ ወንዞቹ ይመለሳሉ። ቤከርና ፍሎረንስ በመንገዳቸው የተገናኙት የሹክሪያዎቹ አለቃ አሕመድ አቡ ሲን እንዲህ ካለው የወቅት ጉዞ ላይ ነበር። ዛሬ ገዳሪፍ የምትባለው ከተማም ቀድሞ የምትጠራው በዚያ ቤተሰብ ስም፣ «የአቡ ሲን ገበያ» ተብላ ነው።

የገዳሪፍ ምድር ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ተሰንጥቆ እግር ያስገባል፤ በክረምት ጎማ ይይዛል። ይህን ምድር በትራክተር ማረስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 ገደማ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው የእንግሊዝ ጦር ማሽላ ለማቅረብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሽላውና ሰሊጡ ሜዳውን ሸፈነው፤ የመንጋው መንገድም እየጠበበ ሄደ። በድንበሩ ወዲህም ወዲያም ግን ወቅቱ ያው ነው። በሰኔ ይዘራል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይታረማል፣ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል። ሰሊጥ ፍሬ የያዘበት ማኅደር አፉን ሳይከፍት ካልታጨደ እህሉ መሬት ላይ ይረግፋልና በእነዚያ ሳምንታት ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ብዛት ከፍተኛ ነው። ወንዙ ራሱ በታች በኩል ተገርቷል። የኻሽም አል ጊርባ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድቦች በ2017 ሥራ ጀምረዋል። በላይ በኩል ያለው ጓንግ ግን ገና ያልተገራ ነው።

ለዚህም የግንቦቱ ጉዞ ምስክር ሆነን። በግንቦት መጨረሻ ስንወርድ አገሩ ሌላ መስሎ ጠበቀን። ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል፤ አየሩ ከምድጃ እንደሚወጣ ትንፋሽ ነው። አሸዋው ግን በጥር እንደተውነው ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። ልጆቹ የድሮ ቤታቸውን እንዳገኙ ሁሉ ሮጠው ወረዱ፤ ከሁለታችን ወታደሩም ድንኳኑን በቀድሞው ቦታ ተከለ። ጨርሶ ላቡን ሲጠርግ አንድ ሽማግሌ አህያቸውን እየነዱ መጡና ቆሙ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ልጆቼ፣ እዚህ ልታድሩ ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

«አዎን አባባ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው» አላቸው ወታደሩ።

ሽማግሌው በዱላቸው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጭልጋ በኩል አመለከቱ። በተራሮቹ ራስ ላይ ደመና ተደርድሮ ነበር። «የዚህ ወንዝ ሰማይ ያ ነው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እናትየዋ ዕቃ መሰብሰብ ጀመረች። ወታደሩ ግን ደክሞት ነበር። ቦታውን እንደሚያውቀው፣ ደመናው ሩቅ እንደሆነ፣ በዳገቱ ላይ ያለው መሬት ድንጋያማ እንደሆነ፣ ልጆቹም እንደሚከፉ ዘረዘረ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። እናትየዋም ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። አንተ እዚህ እደር፤ እኔ ልጆቹን ይዤ ከላይ አድራለሁ» አለችው። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ወታደሩ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ካስማ ነቀለ። በጨለማ፣ በባትሪ ብርሃን፣ ከአሸዋው በላይ ከፍ ባለው ዳር ላይ ድንኳኑን እንደገና ተከልን። ድንጋዩ ጀርባችንን ሲወጋን አደረ።

ውድ አንባብያን ደራሹ በዚያ ሌሊት መጥቶ እንደሆነ ለማወቅ ሳይጓጉ አይቀሩም። አልመጣም። ሲነጋ አሸዋው እንደ ትናንቱ ደርቆ፣ ነጥቶ ይታይ ነበር። ትንሹ ልጃችን ወደ ታች ተመልክቶ፣ «እማዬ፣ ታዲያ በከንቱ ነው የደከምነው?» አለ። እናትየዋ መልስ ስትፈልግ ወታደሩ ቀደማት። «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ጠላት ሳያይ ያነጋ ዘብ በከንቱ ቆመ ይባላልን? እማዬ ትናንት ዘብ ነበረች» አለው። ይህን ቃል ከእርሱ አፍ ስትሰማ እናትየዋ ወደ ወንዙ ዞር አለች፤ ለምን እንደዞረችም አልጠየቅናትም። ወደ ቤታችን ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጓንግ ሞልቶ መውረዱን ከአንድ ወዳጃችን ሰማን።

ከዚያ ዓመት ወዲህ በዚህ ምድር ላይ ወቅት ያልመረጠ ጉዞ በዝቷል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ተከዜን እየተሻገሩ በሐምዳየት በኩል ወደ ሱዳን ገቡ። ብዙዎቹም በገዳሪፍ አካባቢ በኡም ራኩባ ተጠለሉ፤ ይህም ሥፍራ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለው ያው ሥፍራ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የማዶዎቹ እናቶች ሕፃናት አዝለው በጋላባት በኩል ወደ መተማ መጡ፤ ክረምቱም በመጠለያቸው ደረሰባቸው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ወገን በተነሣው ግጭት መንገዱ የሽርሽር መንገድ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ማንንም ዛሬ ተነሥቶ ይውረድ ለማለት አይደለም። በተመቸ ጊዜ፣ ወቅትንና ማደሪያን መርጦ ከቤተሰብ ጋር መጓዝ ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆነ ለማሳሰብ ነው።

ቀኑ ሲደርስና ወደ የትኛውም ቆላ ስትወርዱ የሚከተለውን አትርሱ። በበጋ ሂዱ፤ ከግንቦት አጋማሽ በኋላ በወንዝ አሸዋ ላይ ከቶ አትደሩ። አጎበር ከምግብ በፊት የሚያዝ ዕቃ ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ዋልካ መሬትና በግራር ሥር ትኖራለች፤ የምትነድፈውም በሌሊት ነው፤ ስለዚህ በግራር ጥላ ሥር ቀን ይታረፍ እንጂ ሌሊት አይታደር። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢነሣ «ድካም ነው» ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳት ሲሆንማ ቆላ ወርዳችሁ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩ። ከሁሉም በላይ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ከቤተሰቡ መካከል «እንመለስ» ወይም «እንነሣ» የሚል ሰው ቢኖር ሌላው ሳይከራከር እንዲታዘዘው ተስማሙ።

የዚያ ሌሊት ድንጋይ ጀርባችንን ወግቶናል። ነገር ግን በቤታችን ውስጥ ዛሬም አንድ ከባድ ነገር ሲወሰን፣ ልጆቻችን «ድንኳኑ የት ይተከል?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛም ወደ ምሥራቅ አይተን እንመልሳለን።